«ሙድ ነው እኮ ቲቸር!»

የጥቅምት ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃንን በጥቅምት የሚያውቅ ብርዷን ያውቀዋል፤ ተማሪው እጁን እጅጌው ውስጥ ከቶ ነው የሚቀመጠው። ስም እየጠራሁ ነው። አንድ ስም ላይ ስደርስ ከኋላ ዴስክ «ባአአአ» የሚል ድምፅ መጣ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ስሙ የተጠራው ልጅ ቀስ ብሎ «አቤት» አለ። ከመንዝ የመጣ ነው፤ ከዘመዱ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ። የለበሰው ሹራብ ከበግ ፀጉር የተሠራ ነው። «በጉ» ያሉት ለዚያ ነው።

ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ድምፁ እውነትም በግ ይመስል ነበር። ያቺን ፈገግታ ክፍሉ በሙሉ አይቷታል። እሱም አይቷታል።

ይህን የምጽፈው ለሆም ሩም መምህራን፣ ለክፍል አለቆች፣ ለተማሪዎችና ለልጃቸው ስልክ ለገዙ ወላጆች ነው። ያበላሸሁትንም የተማርኩትንም እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

መጀመሪያ ያበላሸሁት

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ተማሪ ስልኳን አሳየችኝ። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የቤት ሥራ ተላላኩበት ብዬ ያስከፈትኳቸው እኔው ነኝ። የልጁ ፊት ተቆርጦ የበግ አንገት ላይ ተለጥፏል፤ ስቲከር ሆኗል። አንዱ የፊዚክስ ፈተና መቼ ነው ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ስቲከሩ ነው። ሌላው ደህና እደሩ ሲል ስቲከሩ ይከተላል። ወደ ላይ እየሄድኩ ስቆጥር ደከመኝና ተውኩት።

ሁለቱን ልጆች ጠራሁና አገራችን ውስጥ የሚደረገውን አደረግሁ። ሸመገልኩ። «አንተም ተው፣ አንተም እለፈው፣ በሉ ተቃቀፉ።» ተቃቀፉ። ስቲከሩን የሠራው ልጅ ሲወጣ እየሳቀ «ሙድ ነው እኮ ቲቸር!» አለኝ። በማግስቱ የመንዙ ልጅ ሁለተኛ ስም ወጣለት፤ «አሳባቂ»። ቅዳሜ ስንቅ ላምጣ ብሎ ሄደ። ሰኞ አልመጣም። የሚቀጥለው ሰኞም አልመጣም።

ሽምግልናን አላቃልልም፤ ስንት ደም ያደረቀ ነገር ነው። ግን ሽምግልና ለጸብ ነው። በጸብ ሁለቱም የሚያነሱት ቅሬታ አላቸው፤ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይለቃሉ። እዚህ ግን ልጁ ምን ይልቀቅ? ሹራቡን? ምንም ያላጠፋን ልጅ «አንተም ይቅር በል» ብዬ ሳስተቃቅፈው ግማሹን ጥፋት እኔ ሰጠሁት ማለት ነው።

ስለዚህ አሁን አቤቱታ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምለየው ጸብ ነው ወይስ ጥቃት የሚለውን ነው። ዳን ኦልዌውስ የሚባል ተመራማሪ በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። እሱ ያስቀመጣቸው ሦስት መለያዎች እኛም ጋ ይሠራሉ። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይ? ይደጋገማል ወይ? የጉልበት ልዩነት አለ ወይ? ጉልበት ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። የከተማ ልጅ መሆን ጉልበት ነው። ጓደኛ ማብዛት ጉልበት ነው። የግሩፑ አድሚን መሆንም ጉልበት ነው። ስልክ ላይ ሲሆን ደግሞ «ይደጋገማል ወይ» የሚለው ጥያቄ መልኩን ይቀይራል። ሠሪው አንዴ ነው የለቀቀው፤ ሌላው ሁሉ ሲቀባበለው ልጁ በየቀኑ ይመታል።

አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል

ንግግር አላደርግም። በሰልፍ ላይ ስለ ሥነ ምግባር ሲወራ ተማሪው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም ተማሪ ሆነን አይተነዋል። ለሁሉም ብጣሽ ወረቀት አድላለሁ። «ግቢውን ሣሉት። በር፣ ክፍል፣ ሽንት ቤት፣ ቧንቧ፣ ሜዳ። ብቻችሁን ስትሆኑ የማትሄዱበት ቦታ ላይ ኤክስ አድርጉ። ቦታው ከግቢ ውጭ ወይም ስልክ ላይ ከሆነ ከጎኑ ጻፉት። የማንንም ስም እንዳትጽፉ፣ የራሳችሁንም።» ሁሉም ሲጽፍ ማን ምን እንደጻፈ አይታወቅም። ስም ከጠየቃችሁ ግን ባዶ ወረቀት ነው የምትሰበስቡት።

እኔ ኤክሱ ሽንት ቤት ላይ ይበዛል ብዬ ነበር። የበዛው የእረፍት ሰዓት የቧንቧው ወረፋ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ መምህር ቆሞ አያውቅም፤ ሁላችንም በዚያ ሰዓት ሻይ ላይ ነን። መፍትሔው ስብሰባ አላስፈለገውም። ተረኛው መምህር ሻይውን ይዞ ቧንቧው ጋ ይቁም ተባለ፣ ቆመ።

በቀረው ሰዓት ቃላት እንሰበስባለን። መፎገር፣ ሙድ መያዝ፣ ማሽሟጠጥ፣ ማንጓጠጥ፣ ማሸማቀቅ፣ ማግለል። ሰሌዳው ላይ በተርታ እጽፋቸውና «የቱ ጋ ነው ቀልዱ የሚያልቀው?» እላለሁ። ክርክሩ ይጦፋል። አንድ ዓመት ከፊት ዴስክ የሚቀመጥ ልጅ እንዲህ አለ፦ «የሚፎገረው መልሶ መፎገር ከቻለ ሙድ ነው። ካልቻለ አይደለም።» ኦልዌውስን አላነበበም።

አንድ ቃል ግን ራሴ እጨምራለሁ፤ «ተፈናቃይ»። ከተማችን ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችን አስጠግታለች። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ። ቃሉ ዜና ላይ ሲነበብ መግለጫ ነው፤ ቧንቧ ጋ «አንቺ ተፈናቃይ፣ ወደ ኋላ» ሲባል ስድብ ነው። ይህን ስጽፍ ክፍሉ ዝም ይላል። ማብራሪያ አልጨምርበትም።

የሚስቀው ነው ጉዳዩ

ብዙ ድካሜን የማፈሰው እዚህ ላይ ነው። «ባአአአ» ያለው አንድ ልጅ ነው። ማንም ባይስቅ ሁለተኛ አይለውም ነበር። በካናዳ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልጆችን በካሜራ ቀርጸው አጥንተዋል፤ ጥናቱ በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የወጣው። አብዛኛው ጥቃት የሚፈጸመው ሌሎች ልጆች እያዩ ነው። ከሚያዩት አንዱ ጣልቃ ሲገባ ደግሞ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል። አሥር ሰከንድ!

ግን ተማሪን «ጀግና ሁን፣ ተከላከልለት» ማለት ዋጋ የለውም። ነገ ተረኛው እሱ እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ብዙ ድፍረት ከማይጠይቀው እንጀምራለን። አለመሳቅ። ስቲከሩን አለመላክ። ትንሽ ከፍ ሲል፣ በእረፍት ሰዓት ልጁ ጋ ሄዶ «ና ኳስ እንጫወት» ማለት፤ ስለ ሆነው ነገር ምንም ሳያነሱ። ማታ በግል «ያደረጉት ደስ አላለኝም» ብሎ መጻፍ። ለተጠቂው ይህች አንዲት መስመር ምን እንደሆነች የሚያውቀው የደረሰበት ነው። በመጨረሻ ለሚችል ሰው፣ ፊት ለፊት መናገር።

ምን ብሎ? እኔ «ይህ ተገቢ አይደለም በሉ» አልኳቸው፤ ሳቁብኝ፣ ልክ ናቸው። ማንም ልጅ እንደዚያ አይናገርም። ራሳቸው መረጡ፤ «ሙዱ አለቀ»። አጭር ናት፣ ማንንም አትሰድብም፣ ተናጋሪውንም ሰባኪ አታስመስለውም። ጮክ ብለን ተለማመድናት። ይህን ልምምድ አትዝለሉት። አፍ ያልለመደው ቃል በድንጋጤ ጊዜ አይወጣም።

ስልኩ ላይ

ለተማሪዎች ነው። አንድ ነገር ሲለጠፍባችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት መልስ መስጠት አይደለም። መልሳችሁ ራሱ ተቆርጦ ይዞራል። መጀመሪያ ስክሪንሹት አንሱ፤ የላከው ሰው ስምና ሰዓቱ ይታይ። አንዳንዱ ለጥፎ ያጠፋል፤ ማስረጃ ከሌለ «አላደረግኩም» ይላል። ከዚያ ሪፖርት አድርጉ፣ ከዚያ ብሎክ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ። ፕሮፋይል ፎቶአችሁን ማን ያያል፣ ስልክ ቁጥራችሁን ማን ያያል፣ ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባችኋል የሚሉትን ወደ ማይ ኮንታክትስ ቀይሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይህን በዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ክፍል ውስጥ አብረን እንድናደርገው አደርጋለሁ።

አድሚን የሆናችሁ፣ የማንኛውንም አባል መልእክት ከግሩፑ ማጥፋት ትችላላችሁ። «እኔ አልላኩትም» አያዋጣም። ቁልፉ እጃችሁ ላይ ነው።

የራቁት ወይም ገላ የሚያሳይ ፎቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለማስረጃ ብላችሁ እንኳ እንዳትቀባበሉት፤ ለእኔም እንዳትልኩልኝ። ማን፣ የት፣ መቼ እንደለቀቀው ጻፉና ለምታምኑት ትልቅ ሰው በቃል ንገሩ። ከ18 ዓመት በታች ሆነው ለተነሡት ፎቶ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልካችሁ አይወጣም፤ የፎቶው አሻራ፣ ማለትም ፎቶውን የሚለይ የቁጥርና የፊደል ኮድ ብቻ ነው የሚላከው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ፈልገው ያወርዱታል። ቴሌግራም ላይ ከሆነ ለራሱ ለቴሌግራም ሪፖርት ይደረጋል። «ብር ካልሰጠሽ እለቀዋለሁ» የሚል ካለ አትክፈሉ። የከፈለ ሰው በሳምንቱ ደግሞ ይጠየቃል።

ሕጉም አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒዩተርና በስልክ ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ እየላኩ ሰውን ማስጨነቅን፣ ስም ማጥፋትን በወንጀል ያስቀጣል። «እኔ ልጅ ነኝ» የሚሉኝ አሉ። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ልዩ እርምጃ አለው፤ 15 ዓመት ካለፈው ግን ይጠየቃል። አሥረኛ ክፍል ውስጥ ስንቱ 15 ዓመቱን እንዳለፈው ቁጠሩ። ይህን የምነግራቸው ለማስፈራራት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለማስፈራራትም ነው።

አባትዬው

የመንዙን ልጅ አባት አስጠራኋቸው። በርኖሳቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ከኋላቸው ነው። ገና በሩ ላይ ቆመው «መምህር፣ ልጄ ምን አጠፋ?» አሉ።

«ምንም አላጠፋም አባባ።»

«ታዲያ እኔ ለምን ተጠራሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ወላጅ የምንጠራው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነዋ። አሁን የተጎዳ ልጅ ወላጅ ስጠራ መልእክቱን ራሴ ጽፌ ነው የምልከው፤ የመጀመሪያው መስመር «ልጅዎ ምንም አላጠፋም» ይላል።

ለወላጆች ሦስት ነገር ብቻ። ልጃችሁ ሲነግራችሁ «አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» አትበሉ። «ተወው፣ እለፈው» አትበሉ፤ ማለፍ ቢችል አይነግራችሁም ነበር። ስልኩን አትቀሙ። ልጆች ለእኛ የማይነግሩን ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ ተጎድተው ሳለ የሚቀጡት እነሱ ይሆናሉ። እንቅልፍ ካጣ፣ የሚወደውን ምግብ ከተወ፣ በሰኞ በሰኞ ሆዱን ካመመው፣ ስልኩ ጮኾ ፊቱ ከተለወጠ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፣ ቻሉት።

የሠራው ልጅ

ስቲከሩን የሠራው ቤቱ የተቸገረ፣ አባቱ የሚመታው ልጅ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አይደለም። ደህና ቤተሰብ ያለው፣ ቀልደኛ፣ ሁሉም የሚወደው ልጅ ነው። እኔም እወደው ነበር፤ ለዚያ ነው ያመለጠኝ። በሰው ፊት አላቆምኩትም። በሰው ፊት ብቀጣው ተመልካች ነው የምጨምርለት። ብቻውን አስቀምጬ «ለምን» ሳልል «ምን ምን አደረግህ፣ በቅደም ተከተል ንገረኝ» አልኩት። የት እንደቆረጠው፣ በማን ስልክ፣ ለማን መጀመሪያ እንደላከው። መሃል ላይ ሳቁ ጠፋ።

ከዚያ ሥራ ሰጠሁት። ስቲከሩን የሠራበትን ፓኬጅ እዚያው ፊቴ አጠፋ። ግሩፑ ውስጥ የተላኩትን ከአድሚኗ ጋር ሆኖ አንድ በአንድ ሰረዘ፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀበት። ይቅርታ በል አላልኩትም። የታዘዘ ይቅርታ ምን እንደሚመስል አንዴ አይቻለሁ። በየሳምንቱ ዓርብ ግን ሁለቱን ለየብቻ እየጠራሁ እጠይቅ ነበር፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ። አንዴ ተነጋግሮ መተው ነገሩን ወደ ሌላ ግሩፕ ማዛወር ነው።

ስም ስጠራ ቦታ ቀይሬአለሁ፤ ከኋላ ቆሜ ነው የምጠራው።

ልጁ ተመልሷል። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ ሲጮህ ከስታፍ ይሰማል። ቴሌግራም ፕሮፋይሉ ላይ ግን እስካሁን የራሱን ፎቶ አላደረገም። የጓሳ ሣር ነው ያለው፣ ጭጋግ የለበሰ።