የፋይናንስ ጥናት ጉባኤ በዩኒቨርሲቲ እንዴት ይዘጋጃል?

ባነሩ ያምራል፣ ቦርሳው ያምራል፣ ምሳው ይጣፍጣል። ጥናት አቅራቢው ግን መድረክ ላይ ወጥቶ «ሰዓት ስለሌለን በአምስት ደቂቃ ጨርስልን» ይባላል። ዓመት የለፋበት ሥራ እኮ ነው! በየጉባኤው የምናየው ነገር ስለሆነ አይገርመንም። በፋይናንስ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም በዚህ ሙያ ጉባኤ ማለት ገና ያልታተመ ጽሑፍ ወደ ጆርናል ከመላኩ በፊት የሚፈተንበት ቦታ ነው። ጊዜ ካልተሰጠው አይፈተንም።

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ፣ በቢዝነስ ትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ «አንተ አስተባብረው» ተብሎ እጁ ላይ ለቀረበት መምህር ነው።

1. ከአዳራሹ በፊት ደቂቃውን አስሉ

አንድ ጽሑፍ በደንብ ለመሰማት 40 ደቂቃ ይፈልጋል። 20 ደቂቃ ለአቅራቢው፣ 10 ደቂቃ ለዲስካሰንቱ (ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ ለሚተቸው ሰው)፣ 10 ደቂቃ ለታዳሚው ጥያቄ። ሦስት ጽሑፍ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በቀን ሦስት እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ ይኖራል፤ ከዚያ በላይ ሰው ይደክመዋል። በሁለት ቀን 18 ጽሑፍ ማለት ነው። መክፈቻውና ዋናው ተናጋሪ አንዱን ክፍለ ጊዜ ስለሚበሉት በተግባር 15 ይቀራል።

አለቆች ይህን ቁጥር ሲሰሙ «አነሰ» ማለታቸው አይቀርም። ጎን ለጎን ሁለት አዳራሽ ከፍተን 30 እናድርገው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ታዳሚው መቶ ሰው ባልሞላበት ጉባኤ አዳራሽ መክፈል ማለት ለባዶ ወንበር ማቅረብ ነው። 15 ጽሑፍ ይበቃል።

2. ርዕሱን አጥብቡ

«ፋይናንስ ለዘላቂ ልማት» የሚል ርዕስ ሁሉንም ይጋብዛል፣ ማንንም አይስብም። አሁን ያለንበት ጊዜ ለፋይናንስ ተመራማሪ ሠርግና ምላሽ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን፣ ማለትም ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆን ተመን አወጣ። በታኅሣሥ 2017 ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው የባንክ ሥራ አዋጅ ጸደቀ። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተመረቀ፤ ወጋገን ባንክም አክሲዮኑን እዚያ ያስመዘገበ የመጀመሪያው ድርጅት ሆነ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያዙ።

ተመራማሪዎች ጽሑፍ እንዲልኩ በምታወጡት ጥሪ ላይ ርዕስ ብቻ ሳይሆን ጥያቄ ጻፉ። ለምሳሌ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። መመሪያው የመንግሥት የሆነውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አይመለከትም ነበር። ታዲያ ገንዘባቸው በሰነዱ ሲያዝ የግል ባንኮች ለማን ማበደር አቆሙ? ለአነስተኛ ነጋዴው ነው ወይስ ለትልቁ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ጥሪ ያነበበ ተመራማሪ ወዲያው ወደ ዳታው ይሄዳል።

3. ቀኑ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሰኔን እርሱት። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ፋይናንስ ክፍል ሒሳብ በመዝጋት ይጠመዳል፣ የተማሪ ምረቃም አለ። ክረምቱም አይሆንም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ አለ፤ ሆቴል ይወደዳል፣ መንገድም ይዘጋጋል። በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ የአሜሪካ ፋይናንስ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ስላለ ከውጭ የምትፈልጉት ሰው እዚያ ነው፤ የእኛም ገና በዚያው ሳምንት ይውላል።

የእኔ ምርጫ የኅዳር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ከሳምንቱ ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው፣ ዓርብ የጁምዓ ሶላትም አለ። እንግዶቹም ቅዳሜና እሑድ ገብተው ያርፋሉ።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጥሪው በሚያዝያ ይወጣል። ጽሑፍ መቀበያው በሐምሌ መጨረሻ ይዘጋል። ውሳኔው በመስከረም መጀመሪያ ለጸሐፊዎቹ ይደርሳል። የተስተካከለው ጽሑፍ በጥቅምት መጀመሪያ ዲስካሰንቱ እጅ ይገባል።

4. ጥሪውን ጻፉ፣ ጽሑፉን አስገምግሙ

ሙሉ ጽሑፍ ጠይቁ። በአንድ ገጽ አኅጽሮት ብቻ የተቀበላችሁት ሰው ኅዳር ላይ ያው አንድ ገጽ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የመጨረሻውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ትራንስፖርትና ማደሪያ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ የግድ ይጻፍ፦ ጽሑፉ በጉባኤው መድበል ሙሉ በሙሉ አይታተምም። እኛ ዘንድ የጉባኤ መድበል ማሳተም እንደ ውጤት ይቆጠራል። የፋይናንስ ጆርናሎች ግን ቀድሞ የታተመ ሥራ አይፈልጉም። መድበል ውስጥ ካስገባችሁበት ጸሐፊው ለጆርናል የሚልከው ነገር አጣ ማለት ነው። ጎበዙ ተመራማሪ ይህን ስለሚያውቅ ከመጀመሪያውም አይልክላችሁም። አኅጽሮቱን ብቻ አትሙ።

ለመቀበያ ኢዚቼር ወይም የማይክሮሶፍት ሲኤምቲ የሚባሉት የኢንተርኔት ሥርዓቶች ይበቃሉ። በኢሜይል መቀበል በኋላ ራስ ምታት ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ሰው ይገምግመው፤ የጸሐፊውን ስም አያዩም። ለአንድ ገምጋሚ ከአምስት በላይ አትስጡት፣ አያነበውም። ከራሳችሁ ትምህርት ክፍል የመጣውን ጽሑፍ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ይየው። ይህ ካልሆነ ምርጫው በትውውቅ ነው መባሉ አይቀርም፤ ሐሜቱም እውነት ሊኖረው ይችላል። 15 ተቀበሉ፣ ሦስት በተጠባባቂ ያዙ። የሚቀር ሰው ሁልጊዜ አለ።

5. ዲስካሰንት

ጉባኤው የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። ዲስካሰንት ማለት ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ጠንካራና ደካማ ጎኑን የሚናገር ሰው ነው። ችግሩ ይሉኝታችን ነው። «በጣም ጥሩ ሥራ ነው፣ እናመሰግናለን፣ ጥቂት የፊደል ግድፈት አይቻለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ጸሐፊው ምን ተጠቀመ?

ስለዚህ ከጉባኤው ሦስት ሳምንት በፊት አጭር መመሪያ ላኩለት። አንድ ስላይድ ለጽሑፉ ፍሬ ነገር፣ ከአንድ አይበልጥም፤ አቅራቢው አሁን ነግሮናል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ጥያቄዎች። ለእያንዳንዱ ጥያቄ «እንዲህ ብታደርግስ» የሚል መንገድ። ጥቃቅኑን በወረቀት ይስጠው።

የ27 በመቶውን ጉዳይ እንውሰድ። ጸሐፊዋ የግል ባንኮችን ከንግድ ባንክ ጋር አወዳድራ «ብድር የቀነሰው በመመሪያው ነው» አለች እንበል። ጥሩ ዲስካሰንት እንዲህ ይላል፦ «በእነዚያው ዓመታት ንግድ ባንክ ቅርንጫፍ ሲያስፋፋና የመንግሥት ፕሮጀክት ሲያበድር ነበር። ልዩነቱ ከዚያ ቢመጣስ? የግል ባንኮቹን እርስ በርሳቸው አወዳድሪ። ለብድር የሚሆን ገንዘብ ያጠራቸውና የተረፋቸው ባንኮች መመሪያው እኩል አልከበዳቸውም።» ይህን የሰማች ጸሐፊ ስብሰባውን ጥላ ወደ ላፕቶፗ ብትሮጥ አይፈረድባትም።

ለዚህ ሥራ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን የፋይናንስ መምህራን ጥሩ ናቸው። ሁሉም መምጣት ስለማይችሉ «ዙም» በሚባለው የኢንተርኔት ቪዲዮ ያድርጉት። ኅዳር ላይ የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነውና እነሱ የሚተቹትን ጽሑፍ ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ መድቡ።

6. ገንዘቡ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ የግዥ ጥያቄውን መስከረም ላይ አስገቡ። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ፊርማ ይዞራል፣ አንድ ፈራሚ ፈቃድ ላይ ይሆናል። ታውቁታላችሁ። የአበል ዝርዝሩም ከጉባኤው በፊት ይጽደቅ።

ባንክ ስፖንሰር ቢያደርግ ደስ ይላል። ነገር ግን የምትወያዩት ስለ ባንኮች ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ትግባ፦ ስፖንሰሩ በጽሑፍ ምርጫም በፕሮግራሙም ድምፅ የለውም። ባነር ይስቀል፣ እራት ይጋብዝ፣ በቃ።

7. ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች

ለውጭ እንግዳ «3:00» ብላችሁ አትጻፉ። ወይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ ይላል፣ ወይ ሌሊት ነው ብሎ ይደነግጣል። የእንግሊዝኛው ፕሮግራም በእነሱ ሰዓት፣ የአማርኛው በእኛ ይሁን።

ሥጋ ካቀረባችሁ የክርስቲያንና የሙስሊም ተለይቶ፣ ጽሑፍ ተለጥፎበት ይቅረብ። ጾም ባይሆንም የጾም ምግብ ይኑር። ቡናው አዳራሹ በር ላይ ይፈላ፤ ራቅ ካለ ሰው ሄዶ አይመለስም። ጄኔሬተሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ናፍጣ እንዳለው ዋዜማውን እዩት።

8. የዕለቱ ጦርነት

የክብር እንግዳው ይዘገያል። ይህን እንደ እርግጠኛ ነገር ያዙት። እኔ ብሆን መክፈቻውን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ አደርገዋለሁ። ጽሑፎቹ 2:30 ይጀምራሉ፣ ከሻይ በኋላ 5 ሰዓት ላይ እንግዳው ይናገራል። ቢዘገይ የሚጎዳ የለም። የፕሮቶኮል ክፍሉ እሺ ካላለ ቢያንስ ከሦስት የማይበልጥ ተናጋሪ፣ በድምሩ 30 ደቂቃ፣ እንግዳው ባይደርስም የሚጀመር ተብሎ በጽሑፍ ይያዝ።

መድረክ መሪ ስትመርጡ ሰዓት በማስከበር የሚታወቅ ይሁን፤ ማዕረግ አትዩ። ፊት ወንበር ላይ «5»፣ «1»፣ «አበቃ» የሚሉ ካርዶች የያዘ ተማሪ ይቀመጥ። ፕሮፌሰርም ቢሆን ካርዱ ይነሣበት። ከታዳሚው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ማይክ የሚይዝ አይጠፋም። ማይኩን ለሰው አታቀብሉ፣ ተማሪው ይዞለት ይቁም።

9. ሲያልቅ

በአንድ ሳምንት ውስጥ የዲስካሰንቱን ስላይድና የታዳሚውን ጥያቄ ለየጸሐፊው ላኩ። ጥያቄ የሚመዘግብ የፒኤችዲ ተማሪ ለየክፍለ ጊዜው ቀድሞ ይመደብ። ደረሰኝ አወራርዱ። ከስድስት ወር በኋላ ለ15ቱም ኢሜይል ጻፉና ጽሑፉ የት እንደደረሰ ጠይቁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ስፖንሰር ስትጠይቁ የምታሳዩት ከፎቶው ይልቅ ይህንኑ መልስ ነው።