መስኪ ለማጥመድ፦ ውሃው ሲፈነዳ አትሳቡ

ሚኒሶታ ያላችሁ ዓሣ አጥማጆች፣ በሰመር ሐይቁ ሲሞቅ መስኪን (ትልቁን አዳኝ የሐይቅ ዓሣ) ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ማባበያ ሞክሩት። ለጀማሪ የምመርጠው ጭራው የሚሽከረከረውን ነው። ወርውሮ በአንድ ፍጥነት መጠቅለል ብቻ ነው፤ ድምፁ ስለማይቋረጥ ዓሣው አነጣጥሮ ለመምታት ይመቸዋል። ግራ ቀኝ የሚወዛወዘው ደግሞ ምሽት ላይ ውሃው ጸጥ ሲል ግሩም ነው፣ ግን እጅን ማስለመድ ይጠይቃል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ዓሣው ማባበያውን ሊመታ ወጥቶ ውሃው ሲፈነዳ ደንግጣችሁ ዘንጉን አትሳቡ! መስኪ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ምት ይስታል። ወዲያው ከሳባችሁ ማባበያውን ከአፉ ነጠቃችሁት ማለት ነው። መጠቅለሉን ቀጥሉ። ክብደቱ እጃችሁ ላይ ሲሰማችሁ ያኔ አጥብቃችሁ ሳቡ።

ማባበያው ጀልባው ጋ ሲደርስም ቶሎ ከውሃው አታውጡት። በዘንጉ ጫፍ ውሃው ውስጥ ሰፊ የ8 ቁጥር ቅርጽ ሥሩ፤ ተከትሎ የመጣ መስኪ እዚያው እግራችሁ ሥር ማባበያውን ሊነክስ ይችላል። ጥርሱ ስለት ስለሆነ ክሩና ማባበያው መሃል የብረት ሽቦ ማሰር ግድ ነው። መንጠቆውን ከአፉ ለማውጣት ረጅም ፒንሳም ያዙ።

የውሃው ሙቀት 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከደረሰ ግን እባካችሁ ተዉት። እንዲህ በሞቀ ውሃ ታግሎ የደከመ መስኪ ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል።