ቁልፉ የጠፋበት አሮጌ ኮሮላ፦ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ቤት እንዴት እንደሚቀየር

የመኪና ቁልፍ ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው ካቻቢቴና መዶሻ ነው። እኔም የአሮጌዋ ኮሮላዬ ቁልፍ ሲጠፋብኝ ይህንኑ አስደረግሁ። መካኒኩ ወፍራም ካቻቢቴ በቁልፉ ቀዳዳ ሰክቶ መታው፤ በጉልበት አዞረው፤ ሞተሩም ተነሣ። ተደስቼ ከፈልሁት። የመሪው መቆለፊያ ግን ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ መኪናዋን ሳዞር መሪው ድንገት ቀጭ ብሎ ያዘኝ። አስፋልት ላይ በፍጥነት እየሄድሁ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ ሥራውን በደንቡ እንሥራው። የምናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለተሠሩት፣ እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ስላሉት ቺፕ የለሽ ቁልፍ ያላቸው መኪናዎች ነው። በአውሮፓ ከ1998 ወዲህ አዲስ የሚሸጡ መኪናዎች ቁልፋቸውን በኤሌክትሮኒክስ የሚለይ መሣሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። በእነዚህ ላይ የቁልፍ ቤቱን ብቻ ብትቀይሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ቢዞር እንኳ ሞተሩ አይሠራም።

ከመስበር በፊት በሩን ጠይቁ

አሮጌ ኮሮላ ከፋብሪካ ሲወጣ በሩንም ሞተሩንም የሚከፍተው አንድ ቁልፍ ነው። የጠፋው ቁልፍ ቅርጽ እንግዲህ በሮቹ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ ደህናውን ዕቃ ይሰብራል።

የሚፈለገው የተሳፋሪው በር ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበት ክፍል ነው። ከሾፌሩ በር ያነሰ ስለሚሠራበት ውስጡ ያሉት ስስ የናስ ቅጠሎች ብዙም አልተበሉም። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ የቁልፉ ቁጥር በዚሁ ሲሊንደር አካል ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሲሊንደሩን ለማውጣት የበሩ የውስጥ ልባስ መነሣት አለበት። መጀመሪያ የመስታወት ማዞሪያው ይወጣል፤ የያዘው ከኋላው የተደበቀ ትንሽ የሽቦ ቀለበት ነው። ቀጭን ጨርቅ ከማዞሪያው ሥር አስገብታችሁ ጫማ እንደሚወለውል ሊስትሮ ግራና ቀኝ ብትስቡት ቀለበቱ ይፈነጠራል። ሌላ ሰው እጁን ዘርግቶ ቢጠብቀው ይሻላል፤ የእኔ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከዚያ ብሎኖቹንና የልባሱን መያዣዎች አላቅቁ፣ ፕላስቲኩን ሳትቀዱ ግለጡ፣ ሲሊንደሩን የያዘውን መቆንጠጫ ስባችሁ አውጡ።

ሲሊንደሩንና ሊብሬውን ይዛችሁ ወደ ቁልፍ ቀራጭ ሂዱ። ሊብሬ የማይጠይቅ ቁልፍ ቀራጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በቁጥሩ ወይም ቅጠሎቹን አይቶ የቀረጸላችሁ ቁልፍ ሞተሩንም ካስነሣ ሥራው እዚህ ያልቃል። ካላስነሣ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የማስነሻውን ቁልፍ ቤት ቀይሮታል ማለት ነው፤ ወይም ሲሊንደሩ አርጅቷል። ያን ጊዜ መቀየር ግድ ይሆናል።

ዕቃውን መግዛት

ሲሊንደሩን ብቻ ለይቶ ለማውጣት ቁልፉ ገብቶ መዞር አለበት፤ ቁልፍ ለሌለው ሰው ይህ አይሠራም። ስለዚህ መሪው ዘንግ ላይ የሚታሰረውን ሙሉ የቁልፍ ቤት ከነቁልፎቹ ግዙ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመኪና ዕቃ ገበያ ስትሄዱ የአሮጌውን ሶኬት ፎቶግራፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሽቦዎቹ ብዛትና የሶኬቱ ቅርጽ መግጠም አለበት። ያገለገለ ከሆነ ቁልፉን አሥር ጊዜ ያህል አስገብታችሁ አዙሩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞር ካለ ተዉት። ደረሰኝ ተቀበሉ። ከቁልፍ ቤቱ ጋር ሁለት አዳዲስ ብሎኖችም ያስፈልጋሉ፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

መፍታት

በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍቱ። (ለጠፋ ቁልፍ ሌላ ቁልፍ የሚያስፈልገን፣ ሸሚዛችንንም በቁልፍ የምንቆልፍ ሕዝብ ነን።) በመሪው ዘንግ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ከሥር ባሉት ብሎኖች ፍቱና ለሁለት ክፈቱት።

የቁልፍ ቤቱን ዘንጉ ላይ የያዙት ሁለት ብሎኖች ጭንቅላት የላቸውም። ፋብሪካው ሲያጠብቃቸው ሆን ብሎ ቆርጦታል፤ ሌባ በቀላሉ እንዳይፈታቸው ነው። የእያንዳንዱን መሐል በሹል ብረት ምልክት አድርጉ፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ፑንታ በትራፓኖ ብሱት፤ ከዚያ በግራ በሚዞር የብሎን ማውጫ አውጡት። ማውጫ ከሌለ በትንሽ መሮ ጠርዙን እየነካካችሁ ወደ ግራ ማዞር ይቻላል። ታዲያ በቀስታ ይሁን። የብዙ መኪናዎች የመሪ ዘንግ በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ወደ ዘንጉ ርዝመት የሚያርፍ ከባድ ምት ይጎዳዋል። ትራፓኖው የሚያራግፈው የብረት ብናኝ ሽቦዎች ላይ እንዳይወድቅ ጨርቅ አንጥፉ።

ብሎኖቹ ሲወጡ ሶኬቶቹን ነቅላችሁ አሮጌውን አንሡ። ከኋላው ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ለብቻው በብሎን የታሰረ ነው፤ ደህና ከሆነና የአዲሱ ሶኬት ካልገጠመ አዛውሩት።

መግጠም

አዲሱን ቁልፍ አስገብታችሁ አንድ ደረጃ ወደፊት፣ ሬዲዮ ወደሚሠራበት ቦታ አዙሩት። የመሪው መቆለፊያ ምላስ ወደ ውስጥ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ሁኔታ እንዳለ ዘንጉ ላይ ግጠሙት፤ አዲሶቹን ብሎኖች በእጅ ብቻ አጥብቁ። ቁልፉን አውጥታችሁ መሪውን አወዛውዙ፤ መያዝ አለበት። ቁልፉን መልሳችሁ አዙሩ፤ መሪው ከዳር እስከ ዳር ያለ አንዳች መነካካት መዞር አለበት። ይህን አምስት፣ ስድስት ጊዜ ድገሙት። ጭንቅላታቸው እስኪቆረጥ ብሎኖቹን የምታጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ወደ ትራፓኖው መመለስ ነውና አትቸኩሉ።

ባትሪውን አገናኙ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ቁልፉ ሲዞር የዘይትና የባትሪ መብራቶች ይበራሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ስትለቁት ቁልፉ በራሱ አንድ ደረጃ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወዲያው አጥፉ፤ ሞተሪኖው መዞሩን ካላቆመ ይቃጠላል።

አሁን አንድ ቁልፍ ለበር፣ አንድ ለሞተር አላችሁ። የጠፋው ቁልፍ በሰው እጅ ገብቶ ከሆነ ግን በሮቹን አሁንም ይከፍታል። ቁልፍ ቀራጩ የበሮቹን ቅጠሎች ከአዲሱ ቁልፍ ጋር እንዲያስማማ አድርጉ፤ ሁሉም በአንድ ቁልፍ ይከፈታል። የቁልፉን ቁጥር ቤት ውስጥ ጻፉት፤ ሊብሬው ውስጥ ግን አታስቀምጡት፣ ሊብሬው ያለው መኪናው ውስጥ ነውና።