ለኮራል አኳሪየም ሜታል ሃላይድ አምፖል ስትገዙ ቀለሙን ለመጨረሻ ተዉት

የኮራል አኳሪየም ያለው ሰው ለሜታል ሃላይድ አምፖል፣ ማለትም ውስጡ ባለ ጋዝ ለሚበራው ኃይለኛ አምፖል፣ ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው። «ስንት ኬልቪን ልግዛ?» ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ እዚህ አዳማ የሆቴል ሎቢና የሳሎን አኳሪየም መብራትም እገጥማለሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት የባላስቱን፣ ማለትም ለአምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነውን ዕቃ፣ ፎቶ ላኩልኝ እላለሁ። ቀለም የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ገና ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ኤል ኢ ዲ ግዙ። ቆጣሪ ላይ ይቀላል፣ ውሃውንም ያን ያህል አያሞቅም። የሜታል ሃላይድ አምፖልም ገበያ ላይ እየተመናመነ ነው። ዕቃው እጃችሁ ላይ ካለ ግን፣ ወይም ያ አሸዋው ላይ የሚጨፍረው የብርሃን ሞገድ ልባችሁን ከወሰደው፣ አልፈርድባችሁም። እኔም እወደዋለሁ።

እንግዲህ ባላስቱ። ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ዋት፣ ቮልት፣ ኸርዝ። 250 ዋት የሚል ባላስት 250 ዋት አምፖል ብቻ ነው የሚወስደው። 400 ብታስገቡበት በአግባቡ አይበራም፤ 150 ብታስገቡበት ደግሞ አምፖሉን ይጨርሰዋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል አለ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው «ትራንስፎርመር አስገባለታለሁ» ይለኛል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። የኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ለ60 የተጠመጠመ የማግኔት ባላስት በ50 ሲሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል። ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ኤሌክትሮኒክ ባላስት ካገኛችሁ ግን ዓይናችሁን አትሹ። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስና ቮልቱ ሲወርድ እሱ ብዙም አይደነግጥም። በማግኔት ባላስት የሚነደው አምፖል ግን ይደበዝዛል፣ ቀለሙም ይቀየራል።

ቀጥሎ ፖርታ ላምፓው። የሚጠመዘዘው ትልቁ ኢ 40 ነው። በሁለት ጫፍ የሚገባው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ግራና ቀኝ ነጭ ሴራሚክ አለው፣ መሀሉ ላይ ቀጭን የኳርትዝ ቱቦ። ይህ ባለሁለት ጫፍ አምፖል አልትራቫዮሌት የሚያግድ የውጭ መስታወት ስለሌለው፣ የመብራቱ ቤት የራሱ መከላከያ መስታወት ሊኖረው ግድ ነው። መስታወቱ ተሰብሮ «ምን ችግር አለው» ብለው የሚያበሩት አሉ። ኮራሉ ይቃጠላል፣ የሰውም ዓይን ይጎዳል። መስታወቱ እስኪተካ አይበራም፣ አለቀ።

ዋቱ በጥልቀት ይወሰናል። እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ውሃ 150 ይበቃል። ወደ 60 ሲጠጋ 250። 400 የሚያስፈልገው ከዚያ ለሚጠልቅ ወይም ብርሃን አጥብቀው ለሚሹ ቅርንጫፋማ ኮራሎች ነው። አንድ አምፖል በግምት 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይሸፍናል። ለስላሳ ኮራል ብቻ ይዛችሁ 400 መግዛት ለመብራት ቢል መሥራት ነው።

አሁን ወደ አዳማ ጉዳይ እንምጣ። መብራት ይሄዳል። (ከከተማው በላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ሲዞሩ እየታዩ መሆኑ ሌላ ወሬ ነው።) መብራት ሲመጣ ትኩሱ አምፖል ወዲያው አይነሳም። ውስጡ ያለው ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ከፍ ስለሚል፣ ኢግናይተሩ (አምፖሉን የሚያስነሳው ዕቃ) የሚልከው ብልጭታ ሊያስነሳው አይችልም። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት። «ተቃጠለ» ብላችሁ ልትፈቱት አትሩጡ፣ ጣታችሁን ነው የሚጠብሰው። እኔ መስመሩ ላይ 15 ደቂቃ የሚያዘገይ ታይመር ሪሌይ አስገባለሁ፤ ኢግናይተሩ በከንቱ እንዳይለፋ። ኢንቬርተር ካላችሁ ደግሞ ለፓምፑ ስጡት። ኮራል ያለ ብርሃን አንድ ቀን ቢያድር ምንም አይልም፣ ውሃው ከቆመ ግን አይታገስም።

ሙቀቱ ሌላው ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ የውጭው አየር 30 ዲግሪን ያልፋል። ውሃው 25 ወይም 26 ላይ እንዲቆይ እንፈልጋለን። 29ን አልፎ ከሰነበተ ኮራሉ ውስጡ የሚኖሩትን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል። መፍትሔው ጊዜውን ማዞር ነው፤ አምፖሉን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አብሩ። ኮራል የሚፈልገው ሰዓቱ እንዳይዛባበት ነው እንጂ ፀሐይ መቼ እንደወጣች አይጠይቅም። ለሆቴልም ይሻላል፤ እንግዳው የሚመጣው ማታ ነው። አምፖሉን ከውሃው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ማራገቢያውን ወደ ውሃው ገጽ አዙሩት። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ትነቱ በደንብ ያቀዘቅዛል። የተነነውን የምትተኩት ግን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው፣ ጨው አይተንማ።

ቀለሙ እንግዲህ አሁን ይምጣ። 6,500 ኬልቪን ኮራል ያሳድጋል፣ ግን ገንዳው ቢጫ ይመስላል። 10,000 ጥርት ያለ ነጭ ነው። 14,000 ወደ ሰማያዊ ያደላል። 20,000 ሰማያዊ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ በዚያው ዋት የሚሰጠው ብርሃን ግን ያንሳል። አንዲት የሆቴል ባለቤት «አንተ ልጅ፣ ያንን ሰማያዊውን አምጣልኝ» ብለው ያዙኝ። «እትዬ፣ እንግዳ በስልክ ፎቶ ሲያነሳ ዓሣው ሁሉ ሰማያዊ ይሆንብዎታል» አልኳቸው። 14,000 ገጠምንላቸው። ለራሴ ብሆን 10,000 አስገብቼ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ እጨምርበታለሁ። ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በርካሽ የሚገኘው የመጋዘንና የስታዲየም አምፖል ፖርታ ላምፓው ውስጥ ልክ ይገባል፤ ቀለሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4,000 አካባቢ ነው። ተዉት።

ስትገጥሙ ኳርትዙን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ሲግል ቱቦውን ይጎዳዋል። ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት። የገጠማችሁበትን ቀን ባላስቱ ላይ በማርከር ጻፉ፣ ምክንያቱም ከ10 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይናችሁ ሳያውቀው ብርሃኑ ይደክማል። አዲሱን ስታስገቡ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ሰዓቱንም ቀንሱ። ደካማ ብርሃን የለመደ ኮራል በአንድ ጊዜ ሙሉ ብርሃን ሲመጣበት ይነጣል። የወጣውን አሮጌ አምፖል በካርቶኑ አስቀምጡት፤ አዲሱ ድንገት ቢሞት ሌላ እስኪመጣ ያቆያል። ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን።