«ከተመለሰ አካላዊ ነው» ማለት ይቅር፦ የሳይንስ ክፍል ውስጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ የሚያስተምሩ አዳዲስ መምህራንን ክፍል ገብቼ የማየት ሥራ አለብኝ። ትምህርት ቤታችን ያለው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ አለ፤ ውስጡ ግን ይህ ነው የሚባል ዕቃ የለም። ስለዚህ ከወጥ ቤትና ከሱቅ በሚገኝ ነገር እናስተምራለን። አካላዊና ኬሚካላዊ ለውጥ ላይ ስንደርስ ግን በየዓመቱ ያችው ስህተት ትመጣለች።

«ከተመለሰ አካላዊ፣ ካልተመለሰ ኬሚካላዊ»

ይህችን ሰሌዳ ላይ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አጭር ናት፣ ለሽምደዳ ትመቻለች፣ ተማሪው ይወዳታል። ግን ስህተት ናት። ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ሆኖ ወጣ። ማን ነው መልሶ ጤፍ የሚያደርገው? ለውጡ ግን አካላዊ ነው። የስልካችሁ ባትሪ ደግሞ ሲያልቅም ቻርጅ ሲደረግም ውስጡ ኬሚካላዊ ለውጥ አለ፤ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል።

ለዚህ ከቡና የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል አያስፈልግም። ጥሬ፣ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በሦስት ሲኒ አምጡ። ልጆቹ ያሽትቱት፣ በእጃቸው ይሞክሩት። ጥሬው አረንጓዴና ጠንካራ ነው፤ ሽታው የሣር ነገር ነው። የተቆላው በጣት ሲጫኑት ይሰበራል፤ ሽታውማ ጎረቤት ይጠራል። ሲቆላ በውስጡ ያሉት ስኳሮችና የፕሮቲን ክፍሎች ተዋህደው ጥሬው ውስጥ ያልነበሩ ነገሮችን ፈጥረዋል። ሲወቀጥ ግን ደቀቀ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም።

አሁን ጠይቋቸው። መቁላቱ ይመለሳል? አይመለስም። መውቀጡስ? እሱም አይመለስም። አንዱ ኬሚካላዊ፣ ሌላው አካላዊ። «ከተመለሰ» የምትለው ነገር እዚያው ሲኒው ላይ አበቃላት። መጠየቅ ያለበት ቀድሞ ያልነበረ ነገር መፈጠር አለመፈጠሩ ነው።

አንዱ መምህር ይህን ስነግረው «ፈተና ላይ ግን እንደዚያ ነው የሚመጣው» አለኝ። ይምጣ! እውነቱን የገባው ልጅ ፈተናውም አይከብደውም።

ምልክትን እንደ ማስረጃ መቁጠር

አረፋ፣ የቀለም ለውጥና ሙቀት ያጠራጥራሉ እንጂ አይፈርዱም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ሲግል ይቀላል፤ ሲጠፋ ያው ሽቦ ነው። አምቦ ውሃ ሲከፈት የሚንፈቀፈቀው ታምቆ የነበረው ጋዝ ስለወጣ ነው።

የሚፈላ ውሃን ዝም ብሎ ማለፍ

«አረፋው ውስጥ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «አየር» ይላል፤ ጎበዙ ደግሞ «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን»። ተን ነው፣ ውሃው ራሱ። ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ደግሞ 100 ይደርሳል ብላችሁ አትማሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዷ መምህርት ንባቡ 92 ላይ አልነቃነቅ ሲላት «ተበላሽቷል» ብላ ደብተር ላይ 100 አስጻፈች። ምስኪን ቴርሞሜትር!

ሻማን በአንድ ቃል መመለስ

ሻማ ሲበራ ሁለቱም ለውጦች አሉ። ሰሙ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ተን ሆኖ ይቃጠላል። ብዙ ልጆች የሚቃጠለው ክሩ ብቻ ይመስላቸዋል። ሻማውን እፍ በሉና ከክሩ የሚወጣውን ነጭ ጭስ ወዲያው በተለኮሰ ክብሪት ንኩት። እሳቱ በጭሱ ወርዶ ክሩን መልሶ ያበራዋል። ጭስ የመሰላቸው ገና ያልተቃጠለ ሰም ነበር። በጧፍም ሞክሩት። መስኮቱን ግን ዝጉ፤ የሰፈራችን ነፋስ አያስጨርስም።

የቆርቆሮ ምስማር

ዝገት ለማሳየት አታምጡት። ዚንክ የለበሰ ስለሆነ ትምህርቱ ያልቃል እንጂ ቶሎ አይዝግም። ተራ ምስማር ይሻላል።

ሶዳውንና ፓውደሩን ማምታታት

ሎሚ ጨምቀን አረፋ የምናሳይበትን ቤኪንግ ሶዳ እንዲያመጣ ሱቅ የተላከ ልጅ የተገኘውን ይዞ ይመጣል። ቤኪንግ ፓውደር አሲዱን አብሮ ስለያዘ ውሃ ብቻ ሲነካው ይንፈቀፈቃል። «ሎሚው ነው ያስነሣው» ያላችሁት ሁሉ ገደል ገባ። ቤኪንግ ሶዳ መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ። ክዳኑ የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አትሞክሩት፤ ይፈነዳል።

በረኪና

ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉት። የሚወጣው ክሎሪን ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጨው «ጠፋ» ማለት

መምህሩ «ጨው ውሃ ውስጥ ይጠፋል» ካለ ተማሪው ቃል በቃል ያምነዋል። ሚዛን ከተገኘ ጨውንና ውሃን ለየብቻ መዝኑ፤ ከዚያ አሟሙታችሁ እንደገና መዝኑ። ክብደቱ ያው ነው። ከዚያ ጥቂቱን ሰፊ ሰሐን ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አስቀምጡ። አፋር ውስጥ አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተውም እንዲሁ የሐይቁን ውሃ በፀሐይ በማትነን ነው። ስስ አድርጋችሁ ካፈሰሳችሁት ዓርብ የተቀመጠው ሰኞ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። «እንዳይታጠብ» የሚል ወረቀት ለጥፉበት እንጂ፣ የጽዳት ሠራተኞቻችን ቆሻሻ ሰሐን ካዩ አይምሩም።