ወጥመድ ውስጥ ቀዝቅዛ የተገኘች አይጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ወጥመድ አዘረጋጉን፣ አመዛዘኑንና ምዝገባውን ታውቁታላችሁ። ይህ ጽሑፍ ከፍተኛ ተራራ ላይ ትንንሽ አጥቢዎችን በሕይወት ይዘው፣ ለክተው ለሚለቁ ሰዎች ነው።

ምልክት፦ ጠዋት የአሉሚኒየም ሳጥኑን ስትከፍቱ አይጧ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ እግሯ በረዶ ሆኗል፣ ብትነኳትም አትንቀሳቀስም።

ምክንያት፦ ሁሌ የምሰማው "ኦክስጅን አጥሯት ነው" የሚል መልስ ነው። የከፍታው ተወላጅ ከሆነች ይህ መልስ አያስኬድም። በ2020 እ.ኤ.አ. በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ባለው የዩያይያኮ እሳተ ገሞራ ጫፍ፣ 6,739 ሜትር ላይ፣ አይጥ በሕይወት ተይዛለች። በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የምትኖረው ዲር ማውስ የተባለች አይጥም፣ ደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከቆላ ዘመዶቿ ይልቅ ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዛል። ጡንቻዋ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ብዙ ናቸው።

የሚገድላት ብርድ፣ እርጥበትና ረሃብ አንድ ላይ ሲመጡባት ነው። ትንሽ ገላ ከክብደቱ አንጻር ቆዳው ሰፊ ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል። እሱን ለመተካት ትንቀጠቀጣለች፣ ሙቀት የሚያመነጨውን ቡናማ ስቧንም ታቃጥላለች። ለሁለቱም ኦክስጅን ያስፈልጋል። 4,300 ሜትር ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ የምታገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ልታመነጭ የምትችለው ሙቀት ጣሪያ አለው። አየሩን መቀየር አንችልም። የሚባክነውን ሙቀት ግን መቀነስ እንችላለን፤ ሥራችንም እሱ ነው።

መፍትሄ፦ የትራስ መሙያ ፖሊስተር በእፍኝ አስገቡ። ጥጥ አይሁን! ጥጥ ሽንትና ጤዛ ጠጥቶ ገላዋ ላይ ይለጠፋል። አንድ ተማሪ ጤዛ ያረጠበው ሳር ጠቅጥቆ "መኝታ አድርጌላታለሁ" ብሎኝ ያውቃል። ጠዋት ሳሩም አይጧም አንድ ላይ በብርድ ደርቀው ነበር። በዚያው ሌሊት፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከሳር ጉቶ ሥር የተቀመጠው ባለ ፖሊስተር ወጥመድ ውስጥ የነበረችው ጓንቴን ነክሳ አመለጠች። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሳጥኑን ባዶ ድንጋይ ላይ አታስቀምጡ። ውሃ እንዲወጣ አፉን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ከላይ ሳር ወይም ድንጋይ ጫኑበት። ስስ ቆርቆሮ፣ በሩ በደንብ የማይገጥም ርካሽ ወጥመድ ገዝቶ ተራራ መውጣት እንስሳ መግደል ነው። የኦቾሎኒ ቅቤና አጃ አብዝታችሁ አድርጉ። ሽሩ (አፍንጫው ሾጣጣ፣ ነፍሳት የሚበላ ትንሽ አጥቢ) ካለ ነፍሳት ጨምሩ፤ ጥቂት ሰዓት ከጾመ ይሞታል። እኩለ ሌሊትና ንጋት ላይ ዙሩ። "ጠዋት አየዋለሁ" የሚል ሰው ወጥመድ አይዘርጋ።

ቀዝቃዛ ካገኛችሁ፦ በደረቅ ጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ በቀስታ አሙቋት። ምድጃ ወይም የፈላ ውሃ አጠገብ አታስጠጓት፤ ቆዳዋ ሲቃጠል አይቻለሁ። መዋጥ ሳትችል የስኳር ውሃ አታንጠባጥቡላት፤ ሳንባዋ ይገባል። አንዳንድ ዝርያዎች ሙቀታቸውን አውርደው ስለሚያንቀላፉ፣ ሞታለች ብላችሁ አትጣሏት። ስትነቃ አብሉና በተያዘችበት ቦታ ልቀቁ። ጓንት አታውልቁ፤ ዲር ማውስ ሰው የሚገድል ሀንታቫይረስ ትይዛለች።

ሌሎች፦

ቀን የሚንቀሳቀሱ ዝርያዎች ባሉበት፣ ለምሳሌ በባሌ ተራሮች፣ ፀሐይ ላይ የተተወ ሳጥን እንደ ብርዱ ይገድላል። ጥላ ሥሩለት።

የከፍታ ተወላጇ አይጥ ቀይ የደም ሕዋስ ቁጥር ብዙ ከፍ ካላለ የመለኪያ መሣሪያውን አትውቀሱ። ደም ማወፈር ልብን የሚያደክም የቆላ እንስሳ ምላሽ ነው።

ከቆላ ያመጣችኋት አይጥ ብርድ ካልቻለች ሳምንታት ስጧት። ቡናማ ስብ በአንድ ሌሊት አይበረታም።