የጥፍር ፈንገስ ቅብ ለምትጠቀሙ
የእግር ጥፍራችሁ ቢጫ ሆኖ ከወፈረና መፈርፈር ከጀመረ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ፈንገስ ሆኖ 5 በመቶ አሞሮልፊን (ፈንገስ የሚያጠፋ መድኃኒት) ያለው ቅብ ከታዘዘላችሁ፣ ዋናው ሥራ ከመቀባቱ በፊት ነው። የታመመውን ጥፍር ላዩን ሞርዱት፤ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት፤ ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይድረቅ። በዚያው ሞረድ ጤነኛ ጥፍር እንዳትነኩ፣ ፈንገሱን ታዛምቱታላችሁ! በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ ይበቃል። በ2ኛው ወር «ለውጥ የለውም» ብላችሁ ግን አትተዉት፣ እባካችሁ። የእግር ጥፍር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከ9 እስከ 12 ወር ሊፈጅ ይችላል። ስኳር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።